ሦስት በሦስት

ደላላው ኑረዲን ቁልፉን እያዞረ፣
«ሦስት በሦስት ናት» ብሎኝ ነበረ።
በማግስቱ ገብቼ በእርምጃ ለካሁ፤
ሁለት ተኩል ስሄድ ከጭቃው ተጋጨሁ።

ከቦርከና ማዶ፣ ከቆርቆሮ አጥር፣
አንድ ግቢ ሆኖ አሥራ አንድ በር።
አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ የመብራት አንድ ቆጣሪ፣
እትዬ ጦይባ ደግሞ የሁላችን ቆጣሪ።
ጀሪካን ትቆጥራለች፤ የበራ አምፖል፣ ያደረ እንግዳ፤
ካውያ ያየች ቀንማ፣ እሱ ለብቻው ነው ዕዳ።

እኔ ኪስ ሰፊ ነኝ።
ሱሪ አይደለም፣ ኪስ ብቻ፤ የግራ፣ የቀኝ፣ የኋላ፤
ስጨርስ ሌላ ይመጣል፣ እሱን ተከትሎ ሌላ።
የማን እጅ እንደሚገባበት አላውቅም፤
ከኮምቦልቻ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል።
በሰዓት መቶ ሃያ ኪስ እሰፋለሁ፣
በወሩ መጨረሻ የራሴን እገለብጣለሁ።

እኔ የጠዋት፣ ትርንጎ የከሰዓት፣ መኪያ የሌሊት፤
ሦስት ሰው ለአንዲት ፍራሽ፣ ሦስት ሰው ለአንዲት ቤት።
ያቺ ፍራሽ ቀዝቅዛ አታውቅም።
አንዷ ስትነሳ አንዷ ትገባለች፤
ትርንጎ በተወችው ስርጉድ ውስጥ እተኛለሁ፣
የፀጉር ቅባቷን ከትራሱ እያሸተትሁ።
እሁድ ብቻ ነው ሦስታችን የምንገናኝ፤
ያን ቀን እንተፋፈራለን፣
የት እንደምንቀመጥ ይጠፋናል።

አቅስታ ያለችው እናቴ ትደውላለች።
«ቤት አገኘሽ?»
«አገኘሁ።»
«ስንት ክፍል ነው?»
«ይበቃኛል» እላታለሁ።

መስከረም ሊጠባ ሲል በራችን ተንኳኳ።
«ልጆቼ» አለች እትዬ ጦይባ።
«ልጆቼ» ስትል ገባኝ።
«ዘይቱ ጨመረ፣ ባጃጁ ጨመረ፣ ከሰሉ ጨመረ፤
የእኔ ቤት ብቻ ነው እዚያው የቀረ።
ከሚመጣው ወር ጀምሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣
ያልቻለ ይወጣል፣ ቁልፉን አምጥቶ።»

መኪያ አለቀሰች። ትርንጎ በሩን ዘግታ ተሳደበች።
እኔ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ሂሳብ ሠራሁ፤
ቁርስ ቢቀር፣
ለፓርኩ አውቶቡስ በእግር እስከ አደባባዩ ቢኬድ፣
የስልክ ካርድ በአሥራ አምስት ቀን፣
ለእናቴ የምልከው...
እሱ ጋ ስደርስ ካርቶኑ አለቀ።

መብራት በጠፋ አንድ ሌሊት ቃሌን አጥንቼ ወጣሁ፤
«ግማሹን ተይልን» ልላት፣ ጭቃውን በስልክ አብርቼ ተሻገርሁ።
ሳሎኑን አንኳኳሁ።
የማላውቀው ሰው ከፈተ፣ ፎጣ ያገለደመ፣ የጭነት መኪና ሹፌር።
«እዚህ እኮ እኔ ነኝ» አለኝ፤ «ከነሐሴ ጀምሮ።»
በአውራ ጣቱ ጠቆመኝ፣ ወደ ኩሽናው ዞሮ።

አሥራ ሁለተኛው በር እሱ ነበር።

እትዬ ጦይባ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ፣
በቁመቷ ልክ ባልሆነ ምንጣፍ ላይ፣
ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች።
ባሏ አባ ይማም ከግድግዳው ተጠግቶ፣ በቂው ቦታ ለእሱ ተትቶ፤
በሳምንት ሁለቴ ሐረጎን ወጥቶ፣
ደሴ ኩላሊቱን አሳጥቦ የሚመለሰው፤
የሆስፒታሉ ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ
ከሽንኩርቱ ጋር በሚስማር ተሰቅሏል።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች፣ ሻርፗን እየሳበች።
ያጠናሁት ሁሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ።
«ክብሪት» አልኋት።
በጨለማ ዳበሰች፤ ቆጠረች፤
ሦስት እንጨት ከመዳፌ አኖረች።
«ለአንድ ሰው አንድ» አለች።

ከዚያ ወዲህ አራተኛ እየፈለግን ነው፤
ጭምት፣ ዕቃ የማታበዛ፣ ስትተኛ የማትገላበጥ።
ኑረዲን «አንዲት አለችኝ» ይላል፣ ኮሚሽኑን አስቀድሞ።
ኪራዩ ለአራት ሲካፈል ይቀላል፤
ፍራሿም እንደሆነች እምቢ አትልም።
ቀኑ ነው ለሦስት የተቆረጠው፤
አራተኛ ፈረቃ ፓርኩ የለውም።